ጀበናውን መልሺው

ቆይ ሚጡዬ፣ ቦርሳውን ከመዝጋትሽ በፊት እስቲ ልየው። ጀበናውን መልሺው። ከሰሉንም አውጪ። ነገ የምትሄጂበት ቦታ እሳት የሚባል ነገር ክልክል ነው። ቡናውን ጠዋት እዚሁ አፍልተን በፔርሙዝ ትይዢዋለሽ፤ ሲኒዎቹን በፎጣ ጠቅልለሽ ያዢያቸው። ቆሎውም ዳቦውም ይሂድ። ከሰል ግን አይሆንም። እዚያ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ በበጋ እንደ ጭድ ይደርቃል፤ ነፋሱ ደግሞ ቀጥታ ከባሕር ነው የሚመጣው። አንዲት ፍንጣሪ ከወደቀች ሮጠሽ አትደርሺባትም።

ትናንት በስልክ ስታወሪ ሰምቼሻለሁ። «ተራራ በሌለበት አገር ምን ሽርሽር አለ?» ስትዪ ነበር። አልፈርድብሽም። ጉለሌ ተወልዶ፣ እንጦጦን ወጥቶ ወርዶ ላደገ ሰው ይህ አገር እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው። ደቡቡ ጫፍ ድረስ ሄደሽ ከፍተኛው ቦታ ላይ ብትወጪ 322 ሜትር ነው፤ እኛ የተወለድንበት ሰፈር ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እኔም እንደመጣሁ ሰሞን እንዲሁ ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ስመላለስ ኖርኩ። «መኖሪያ ፈቃዱ ይምጣና፣ ቋንቋው ይግባኝና፣ ቤት ላግኝና ያኔ እወጣለሁ» እያልኩ። ፈቃዱም መጣ፣ ቤቱም ተገኘ፤ እኔ ግን መውጣቱን ረስቼው ነበር። አንቺ እንደኔ እንድትሆኚ አልፈልግም። ለዚህ ነው ዛሬ ከኋላሽ ቆሜ ቦርሳሽን የምበረብረው።

ነገ የምታዪው ኮረብታ ከአሸዋ የተሠራ ነው። ዛንድፎርት ከምትባለው ከተማ ደቡብ ጀምሮ በባሕሩ ዳር የተዘረጋ፣ ነፋስ የከመረው፣ ሣርና ቁጥቋጦ ያሰረው የአሸዋ ኮረብታ። ቁመቱን አትይ። እዚህ አገር ባሕርን የሚያግደው እሱ ነው፤ የአምስተርዳምን የመጠጥ ውኃ አብዛኛውን የሚያጠራውም እሱ ነው። ገፈርሳን ታስታውሺ የለ? በአምቦ መንገድ ስናልፍ አባባ መኪናውን አቁሞ «ይኼ የምትጠጡት ውኃ ነው» ብሎ ያሳየን? ከሩቅ ቆመን አይተን ተመለስን፤ ወፎቹ ብቻ ናቸው የቀረቡት። እዚህ በገፈርሳው ውስጥ እየተራመድሽ ነው የምትውዪው። ልዩነቱ ይኼ ነው፣ ጥንቃቄውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ታሪኩን ልንገርሽ፤ ካወቅሽው ክልከላው አይከብድሽም። በ19ኛው መቶ ዘመን አምስተርዳም በውኃ ተከባ የሚጠጣ ውኃ ያጣች ከተማ ነበረች። ቦዮቹ የቆሻሻ መጣያ ነበሩ፤ ኮሌራ እየተመላለሰ ይገድል ነበር። ያኮብ ፋን ሌኔፕ የሚባል ደራሲ ከሌሎች ጋር ሆኖ የአሸዋውን ውኃ ወደ ከተማ እናምጣ ብሎ ተነሣ፤ ቁፋሮው በ1851 ተጀመረ። በታኅሣሥ 1853 ውኃው በቧንቧ ከከተማዋ በር ደረሰ፣ አንዱ ባልዲ በአንድ ሳንቲም ተሸጠ። (እኔ የምጠራልሽ ቀንና ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ከተማዋ አደገች፣ ውኃውም አብዝቶ ተቀዳ። ዝናብ ከሚተካው በላይ ሲቀዳ ከሥር የተኛው ጨዋማ ውኃ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ስለዚህ ከ1957 ጀምሮ የራይን ወንዝን ውኃ አስቀድመው አጣርተው፣ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ አምጥተው በአሸዋው መካከል በተቆፈሩ ቦዮች ይለቁታል። ውኃው በአሸዋው ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ያህል ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ አሸዋው ያጣራዋል፤ ከሌላው ወገን ደግሞ ይቀዳል። ጠላ ስትጠልዪ ታውቂው የለ? ማጥለያው ከቆሸሸ ጠላው አይጠጣም። ነገ የምትረግጪው ማጥለያውን ነው።

እንግዲህ በሩ ላይ ውሻ አይገባም፣ ብስክሌት አይገባም፣ በቦዩ መዋኘት ክልክል ነው የሚል ስታዪ ፈረንጅ ሕግ አበዛ አትበዪ። ቦዩ ጥርት ያለ ነው፤ በሙቀት ቀን እግርሽን ንከሪ ንከሪ ይልሻል። እንዳትነክሪ። መግቢያው ጥቂት ዩሮ ነው፤ ትኬቱን ከማሽኑ ቁረጪና ኪስሽ ያዢው። ከገባሽ በኋላ ግን በዚህ አገር ብርቅ የሆነ ነገር ታገኛለሽ፤ ከመንገድ ወጥተሽ በፈለግሽበት መሄድ ይፈቀድልሻል። ሌላ ቦታ ብዙውን ጊዜ «ከመንገዱ አትውጡ» ነው። እዚህ ኮረብታውን በራስሽ እግር መርጠሽ ትወጫለሽ፣ ጫፉ ላይ ስትደርሺ በአንድ ወገን ባሕሩ ይታይሻል። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን አለቀስኩ። ከፍታው ትንሽ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከበላዬ ጣሪያም ደመናም የከለለው የማይመስል ሰማይ ያየሁት ያኔ ነበር።

እዚያ ያሉት አጋዘኖች አይፈሩም፤ መንገዱ ላይ ቆመው ያዩሻል። ዳቦ አትስጫቸው፤ ፎቶ ለማንሣትም አትጠጊ። እዚህ ዴን ሃግ በኛ ወገን ባለው ሜየንደል ደግሞ የሚግጡ ከብቶች አሉ፤ ከእነሱ ቢያንስ 25 ሜትር ራቂ፣ ጥጃ ካለ በእናትና በልጅ መካከል አትግቢ። ይህንንማ አያታችን ጋ ክረምት የከረመች ልጅ አላስተምራትም።

አሁን ከቧንቧው የቀዳሽው ውኃም በአሸዋ ያለፈ ነው፤ የዴን ሃግ ውኃ ከ1874 ጀምሮ ከዚሁ ባሕር ዳር አሸዋ ነው የሚመጣው። ዛሬ ከማስ ወንዝ ተቀድቶ በሜየንደልና በአካባቢው ኮረብታ ይጣራል። ሜየንደል ብስክሌት ይፈቀዳል፤ መንገዱ ከዋሰናር እስከ ስኸቨኒንገን በአሸዋው መካከል እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ከሌሊት ሥራ ስወጣ ቤት ገብቼ ከመተኛት በፊት አንድ ሰዓት እዚያ እነዳለሁ። በመስከረም ውጪ፤ ቁጥቋጦው ብርቱካናማ ፍሬ ያፈራል። አደይ አበባ አይደለም፤ ግን በእንቁጣጣሽ ሳምንት ኮረብታው ሁሉ ቀለም ሲለብስ ሳይ ልቤ ይሞላል።

አንዲት አሮጊት የተዋወቅኩት እዚያ ነው። መቀመጫው ላይ ብቻዋን ነበረች፤ እኔ ፔርሙዜን ከፍቼ ስቀዳ ወደ ሽታው ፊቷን አዞረች። ባህላችን ነውና ብቻዬን መጠጣት አልቻልኩም፤ በክዳኑ ቀድቼ ሰጠኋት። እስከ ሁለተኛው ሲኒ ድረስ ስለ አየሩ አወራን፤ በሦስተኛው ስለ ሞተ ባሏ ነገረችኝ። ከቋንቋ ትምህርት ቤት ይልቅ የተማርኩት ከሷ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ሰው አይቀረብም ይሉሻል። ደረጃ ላይ፣ ሊፍት ውስጥ እውነት ነው። በአሸዋው መንገድ ላይ ግን የማያውቅሽ ሰው ሁሉ ሰላም ይልሻል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ቦርሳውን ተዪውና ወደኔ ዙሪ። ከኮረብታው በኋላ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን ብላችኋል። የዋና ልብስም ይዘሻል። ሚጡዬ፣ ዋና አትችዪም። ጉለሌ ውስጥ ማን ዋና ያስተምረናል? ውኃ ለኛ በእንስራ የሚመጣ፣ በጀሪካን የሚጠበቅ ነገር ነበር።

እኔ መውጣት በጀመርኩበት በጋ ልሞት ነበር። ለእማማ አልነገርኳትም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት። ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሐይቅ ዳር ሄድን። ሕፃናት ይንቦጫረቃሉ፤ አሸዋው ለስላሳ ነው። ወገቤ ድረስ ገባሁ። አንድ እርምጃ ስጨምር መሬት የለም። አልጮኽኩም፤ ሰው ሲሰምጥ ይጮኻል የሚሉት ውሸት ነው፣ አፍሽ በውኃ ሲሞላ ድምፅ ከየት ይመጣል? ጓደኞቼ አምስት ሜትር ላይ ሆነው ይስቁ ነበር፤ የምጫወት መስሏቸው። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው የማይበዛ ልጅ ነው በክንዴ ይዞ የጎተተኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። እዚህ ከተሞች አጠገብ የምታዪያቸው ሐይቆች ብዙዎቹ እግዜር የሠራቸው አይደሉም፤ አሸዋ የተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ናቸው። አምስተርዳም ምዕራብ ያለው ስሎተርፕላስ የዙሪያውን ሰፈሮች መሬት ከፍ ለማድረግ አሸዋው ሲወጣ የቀረ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ወደ 30 ሜትር ይደርሳል። ባለ ዐሥር ፎቅ ሕንፃ ቁሞ ይሰወርበታል። የኛ ሐይቅ፣ ባሕር ዳር ከተማ ላይ እንዳየሽው፣ በዝግታ ይጠልቃል። እንዲህ ያለው ግን በደረጃ ወርዶ ድንገት ገደል ይሆናል። ላዩ በፀሐይ ሞቆ ሥሩ በረዶ ነው፤ ጡንቻሽ ይኮማተራል። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ የሚያወጣው መረጃም የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ የመጣን ሰዎች በውኃ የመሞት አደጋችን ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ቁጥር ሲሆን ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ቁጥሩ ውስጥ ልገባ የነበርኩ ነኝና አይቀለኝም።

ስለዚህ ተማሪ። በ34 ዓመቴ ነው የጀመርኩት፣ በሴቶች ብቻ ሰዓት፤ ብዙ ገንዳዎች እንዲህ ያለ ሰዓት አላቸው። ለአዋቂ የሚሰጥ ትምህርትም ሞልቷል፤ ገንዘቡ ከከበደሽ ከማዘጋጃ ቤቱ ድጋፍ ይኖር እንደሆነ እንጠይቃለን። ልጆቹ ኤ፣ ቤ፣ ሴ የሚሉትን ዲፕሎማ ይወስዳሉ። የመጀመሪያውን ፈተና ብታዪ ትገረሚያለሽ፤ ልብሳቸውንና ጫማቸውን እንደለበሱ ነው ውኃ ውስጥ የሚዘሉት። በየመንገዱ ቦይ ያለበት አገር ነዋ። ማንም ተዘጋጅቶ፣ ልብስ ቀይሮ አይወድቅም። ከዚያ በሸራ ቀዳዳ በውኃ ውስጥ ሾልከው ያልፋሉ። አስተማሪዬ መጀመሪያ ያስተማረችኝ መዋኘት አልነበረም፤ በጀርባ ተንሳፍፎ መተንፈስ ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ፍርሃቱን ከሰውነትሽ ሳታወጪ እጅና እግር ማወናጨፍ ዋጋ የለውም።

እስከዚያው ባሕሩ ነገ ከጉልበትሽ በላይ አይድረስ። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ ባንዲራ ካየሽ ጠባቂ አለ ማለት ነው፤ በሁለት እንዲህ ያሉ ባንዲራዎች መካከል ሁኚ። ቢጫ ብቻ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ቀይ ብቻ ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትት የውኃ ፍሰት አለ፤ እነሱ ሙይ ይሉታል። ከላይ ስታዪው ማዕበል የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ይመስላል፤ ሰው የሚያታልለውም ይኸው ነው። ከያዘሽ ፊት ለፊት አትታገዪው፤ ኃይልሽን ይጨርሳል። ወደ ጎን ከባሕሩ ዳር ጋር ትይዩ ሂጂ፣ ካቃተሽ ተንሳፈፊና እጅሽን ወደ ላይ አድርጊ። በግንቦት 2020 እዚሁ ስኸቨኒንገን ላይ ባሕሩን የሚያውቁ አምስት ወጣት የውኃ ስፖርተኞች በኃይለኛ ነፋስና በወፍራም አረፋ ተይዘው ሞተዋል። ያን ሳምንት ከተማው ሁሉ አበባ ይዞ ወደ ዳርቻው ወረደ፤ እኔም ሄጄ ነበር። የሚያውቁት ከሞቱ የማያውቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም።

አንቺ ሮተርዳም ስላለሽ ደግሞ ከደጅሽ ያለውን አትናቂ። ክራሊንግሰ ፕላስ በእግርሽ ትደርሺበታለሽ፤ ዙሪያውን በሁለት ሰዓት ሳትቸኩዪ ትጨርሺዋለሽ። ሁለቱ ወፍጮዎች፣ ዴ ስተርና ዴ ሌሊ፣ ቅመም ይፈጩ ነበር፤ የቅመም ሽታ ደግሞ የኛን ሰው ቤት ያደርሳል። ሐይቁ ራሱ ለማገዶ የሚሆን አፈር ተቆፍሮ የቀረ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1940 ጀርመኖች የከተማዋን እምብርት በቦምብ ሲያፈርሱ የፍርስራሹ ከፊሉ ወደዚህ ውኃ ተጣለ። ዳር ስትቀመጪ ይህን አስቢ፤ የሰው ቤት፣ የሰው ምጣድ ከሥር አለ። ከሰሜን በኩል የዋና ዳርቻ አለው፣ ግን በሙቀት ወራት ውኃው አረንጓዴ አተላ ይይዛል። ሰሌዳ ላይ ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈ እግርሽንም አትንከሪ፤ ሆድም ቆዳም ያሳምማል።

የሮተርዳም ውኃ ደግሞ ከቢስቦስ ነው። እዚያ አንድ ቀን አብረን እንሂድ። በ1421 ጎርፍ አገሩን ውጦ ወንዝና ደሴት ያደረገው ቦታ ነው፤ ከ1994 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1970ዎቹ ሦስት ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች ተሠሩበት፤ የማስ ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ለወራት ይቆይና ቆሻሻው ይዘቅጣል። በማጠራቀሚያዎቹ አይዋኝም። ጀልባው የሚቀዘፈው ከእነሱ ውጭ በዊሎው ዛፍ መካከል ባሉት ጠባብ ወንዞች ነው፤ በ1988 መልሰው ያመጧቸው ቢቨሮች የገዘገዙትን ግንድ ታያለሽ። ጀልባ ሲያከራዩሽ ተንሳፋፊ ሰደርያውን መጀመሪያ ልበሺ፣ ከዚያ ተቀመጪ። ይሞቀኛል ማለት የለም።

ከሰል ከናፈቀሽ አምስተርዳምሰ ቦስ አለልሽ። ከ1934 ጀምሮ በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ሥራ ያጡ ሰዎች፣ በጠቅላላው 20,000 ያህል፣ በአካፋና በጋሪ ከባሕር ጠለል በታች ባለ ሜዳ ላይ የተከሉት ጫካ ነው። የቀዘፋ ውድድር የሚደረግበትን ረጅም ቦይ ቆፍረው ባወጡት አፈር ኮረብታ ሠሩ፤ ሲያጡ ተራራቸውን በእጃቸው ከመሩ። እዚያ ለጥብሳ ጥብስ የተመደቡ ቦታዎች አሉ፤ ድርቅ ሲሆን ግን እነሱም ይዘጋሉና መጀመሪያ ምልክቱን እዪ። ፋሲካን እዚያ አድርገን እናውቃለን፤ አንድ ጓደኛችን ጀበና ይዛ መጣች፣ ዕጣኑም ጨሰ፣ ማንም ምንም አላለንም። የተፈቀደ ቦታ ነበራ።

ደግሞ መዥገር። አትሳቂ። የኛዋ የከብቷ አይደለችም፤ የዚህ አገሯ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ናት፣ ከሣር ላይ ነው የምትያያዘው፣ ላይም የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲው ከሱሪው በላይ። ማታ ስትመለሺ ብብትሽን፣ ከጉልበትሽ ኋላ፣ ከጆሮሽ ጀርባ እዪ። ከተገኘች በመዥገር ማንሻ ቶሎ አውጫት፤ ዘይትም ቅቤም አትቀቢያት። ቀኑን ጻፊ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቀይ ቀለበት እየሰፋ ከመጣ ወይም ትኩሳት ካለሽ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ፣ «ይለፍ» አትበዪ።

ጃኬቱን ከላይ አድርጊው፤ ዝናቡ አያስጠነቅቅም። ያ ነጭ ጫማ አሸዋውን አይችልም፣ የኔን ልበሺ፣ አንድ ቁጥር ቢበልጥሽ በሁለት ካልሲ ይሞላል። ዛንድፎርት በባቡር ከአምስተርዳም ግማሽ ሰዓት ነው፤ ማታ ከመጨለሙ በፊት ተመለሺ፣ ኮረብታው ውስጥ መብራት የለም። ስልክሽን ሙሉ ቻርጅ አድርጊው፣ 112 እንዳትረሺ፤ ስትደርሺም ደውዪልኝ።

ሲኒው ስንት ነው? አራት? አራት ናችሁ፣ አይደል? አምስት አድርጊው። መቀመጫ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይጠፋም።